ጎንበስ ቀና የሚለው አጥንት

ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ በሚበር ሚኒባስ ውስጥ የከፋው ቦታ የወያላው ነው። አኳኋኑ ከመቀመጥም ከመቆምም መሃል ነው። ጣሪያው ማጅራቱን ተጭኖት፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ አንድ እጁን ወደ ኋለኛው ወንበር ዘርግቶ ሂሳብ ይሰበስባል። ታክሲዋ ተራ ስትይዝ ይወርድና ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ አከርካሪው ነው የጠየቀው።

ብዙ ሰው አከርካሪን የሚያስበው እንደ ቀጥ ያለ ምሰሶ ነው። «ቀጥ በል!» የሚለው የእናትና የመምህር ቁጣም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ከጎን ሲያዩት ግን አንገት ላይ ወደ ፊት፣ ደረት ላይ ወደ ኋላ፣ ወገብ ላይ እንደገና ወደ ፊት የሚጠማዘዝ ሰንሰለት ነው። በልጅነት 33 ያህል አጥንቶች አሉት፤ የታችኞቹ ዘጠኙ ከዕድሜ ጋር ይጋጠሙና 24 ተንቀሳቃሾች ይቀራሉ፦ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ። የአራስ ልጅ ጀርባ አንድ ቅስት ብቻ ነው። አንገቱን ማቅናት ሲጀምር የአንገቱ ጥምዝ፣ ድክ ድክ ሲል ደግሞ የወገቡ ጥምዝ ይወጣል። ጭንቅላት ከዳሌ ትክክል በላይ እንዲያርፍ የሚያደርጉት እነዚህ ጥምዞች ናቸው።

የአከርካሪን ታሪክ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትራመድ ነበር። ጀርባዋ ግን ጤነኛ አልነበረም፤ አጥንቶቿን የመረመሩ ባለሙያዎች በደረቷ አከርካሪ ላይ ያልተለመደ የአጥንት እድገት አይተው፣ ዛሬ የወጣቶችን ጀርባ ከሚያጎብጠው የሾየርማን በሽታ ጋር አመሳስለውታል። (ከአከርካሪዋ ቁርጥራጮች አንዱ የእሷ ሳይሆን የጭላዳ ጥንታዊ ዘመድ መሆኑ የታወቀው አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው!) ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት አስቆጥራለች። በ2009 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የአንገቷ አጥንቶች 7፣ የደረቷም 12 ሆነው ተገኝተዋል። ቆጠራው የእኛው ነው።

በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ አለ። ውጪው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ውሃ ያዘለ ለስላሳ ነገር ነው። ቀን ሲጨመቅ ውሃ ያጣል፣ ሌሊት መልሶ ይመጥጣል፤ ሰው ጠዋት ከማታው በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ጭነቱ ምን ያህል እንደሆነ የታወቀው መርፌና መለኪያ ዲስኩ ውስጥ በማስገባት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናሽምሶን መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስክን እንደሚጫን ለካ፤ የቢሮ ወንበር ሁሉ ጠላት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ጀርመን ኡልም ውስጥ ተመራማሪው ሃንስ ዮአኪም ቪልከና ባልደረቦቹ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ወገብ ውስጥ መለኪያ አስገብተው ሲከታተሉ፣ ዘና ብሎ መቀመጥ ከመቆም የባሰ ሆኖ አላገኙትም። ሰውዬው ሲቆም ግፊቱ ከተኛበት አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። ጀርባውን አጉብጦ 20 ኪሎ ሲያነሳ ደግሞ ከቆመበት ከአራት እጥፍ በለጠ፤ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ በሩብ ያህል ቀነሰ። የተለካው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ባይረሳም፣ 20 ኪሎ ማለት የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው።

ታዲያ አከርካሪ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች፣ ለምሳሌ ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው? ወገብ ጥምዙን ሲያጣ የላይኛው ገላ ወደ ፊት ያዘነብላል። ሰውነት ላለመውደቅ መጀመሪያ ዳሌውን ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ካልበቃው ጉልበቱን ያጥፋል። በታጠፈ ጉልበት መቆም የጭን ጡንቻን ያለ ዕረፍት ያሠራል፣ የጉልበት ሎሚንም ወደ ጭን አጥንት ይጫነዋል። ትከሻም እንዲሁ ነው፤ ጎብጦ ተቀምጦ እጁን ሽቅብ ለመስቀል የሞከረ ሰው መሃል ላይ ሲያዝበት፣ ቀና ብሎ ሲሞክረው ከፍ ሲልለት ያየዋል።

ሕመም ደግሞ አድራሻ ያሳስታል። የዳሌ መገጣጠሚያቸው አልቆ ሕመሙ ጉልበታቸው ላይ ብቻ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። ወገብ ላይ የተጫነ ነርቭም እስከ እግር ጣት ያቃጥላል። ጉልበቱን ፍልውሃ ሲዘፈዝፍ የከረመ ሰው የታመመበት ያልዘፈዘፈው ዳሌው ሊሆን ይችላል።

ቁርጥማትን ሁሉ በአቀማመጥ ማሳበብ ግን አያስኬድም። ሪህ የሚመጣው ከዩሪክ አሲድ ክምችት ነው፤ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው። የኤምአርአይ ፊልምም ሁልጊዜ ወንጀለኛውን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች የሚመለከቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ ነበራቸው። «ዲስክህ አርጅቷል» የሚል ወረቀት ብቻውን ሲታይ «ፀጉርህ ሸብቷል» ከማለት ብዙም አይርቅም።

ሽሮ ሜዳ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ የሚሸምነውን ሰው ያየ ሁሉ ማጎንበሱን ይወቅሳል። የባሰው ግን ሳይነሣ መዋሉ ይመስላል። መሬት ላይ ከተጎለተ ምጣድ ማቆሚያ ላይ ወደተቀመጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻገረች ሴት ወገቧ ዕረፍት ቢያገኝም፣ ቆማ ስትጋግር ብትውል እግሯና ተረከዟ ተራቸውን ያማርራሉ። እንግዳ የምታስተናግድ ሴት የምትመሰገንበት «ጎንበስ ቀና» የሚለው አነጋገር ለአከርካሪም ይሠራል፤ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ማለቱ እስካልቀረ ድረስ።

አንዳንዱ ሕመም ግን ወጌሻም መታሸትም አይጠብቅም። ከወገብ ሕመም ጋር ሁለቱም እግር ከዛለ፣ በጭን መሃል ያለው ገላ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጻፈበት የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ አጥንቱን በልቶ ጀርባን ያጎብጣል።