የመኪናን መቆጣጠሪያዎች ኮድ በሶፍትዌር ስለ መለወጥና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የዛሬ መኪና ብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን በውስጡ የያዘ ነው። አንዱ ሞተሩን፥ ሁለተኛው ፍሬኑን፥ ሌላው ኤርባጉን ይቆጣጠራል። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ካን የተባለውን መሥመር የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 አስተዋውቋል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው የእነዚህን መቆጣጠሪያዎች ኮድ መለወጥ ምን ማለት እንደ ሆነና ጉዳት እንዳያስከትል ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

አስቀድሞ ሁለት ሥራዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮድ መለወጥ ማለት ፋብሪካው በመቆጣጠሪያው ውስጥ ካስቀመጣቸው አማራጮች አንዱን መምረጥ ነው። ፕሮግራሙን ራሱን አጥፍቶ ሌላ መጻፍ ግን የባሰ አደጋ አለበት፤ በመካከሉ ኀይል ቢቋረጥ መቆጣጠሪያው ጨርሶ ሊሞት ይችላል።

የቮልስዋገንን መኪና ለምሳሌ እንውሰድ። በዚህ መኪና የሞተሩ መቆጣጠሪያ አድራሻ 01፥ የፍሬኑ 03፥ የኤርባጉ 15 ነው። ባለ 16 ቀዳዳው መሰኪያ ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ፥ ቪሲዲኤስ የተባለው ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ኮድ ያሳያል። ኮዱ በባይት የተከፈለ የቁጥር ረድፍ ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት አለው፤ ብዙውን ጊዜም አንዱ ቢት «ይህ ዕቃ አለ ወይስ የለም?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይሆናል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ መቆጣጠሪያው የተነገረውን ይቀበላልና። በግጭት ኤርባጉ በፈነዳ መኪና አዲስ ኤርባግ በመግጠም ፈንታ ኮዱ «የለም» ተብሎ ቢለወጥ፥ የማስጠንቀቂያው መብራት ሊጠፋ ይችላል። ገዢውም መብራቱ አለመብራቱን አይቶ መኪናው ደኅና ነው ይላል፤ ዳግመኛ ግጭት በደረሰ ጊዜ ግን የሚያድነው ኤርባግ አይኖርም። በአገራችን ያገለገለ መኪና የሚገዛው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር ቀላል ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚከተሉትን መጠበቅ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ባትሪው በቻርጀር ይደገፍ። የሞላ ባትሪ በዕረፍት ጊዜ 12.6 ቮልት ያህል ቢኖረውም፥ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ሲቆይ ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ ምንም ሳይነካ የሁሉም መቆጣጠሪያዎች ምርመራ ተነቦ ይቀመጥ፤ የቀድሞውም ኮድ በወረቀት ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ከተለወጠም በኋላ ኮዱ እንደ ገና ይነበብ፥ አዲስ የብልሽት ምልክት መኖር አለመኖሩም ይታይ።

አራተኛ፤ መቆጣጠሪያው የይለፍ ቁጥር ቢጠይቅ በግምት አይሞከር፤ ስሕተቱ ሲደጋገም ለጊዜው ይዘጋልና።

አምስተኛ፤ የፍሬንና የኤርባግ ኮድ የሚለወጠው ዕቃው በእርግጥ ሲለወጥ ብቻ ይሁን።

በአጭሩ ስንናገር፥ ኮድ መለወጥ ጥገና አይደለም። በመኪናው ላይ በእርግጥ ያለውን ለመቆጣጠሪያው በትክክል መንገር ነው፤ የተሳሳተ ነገር ቢነገረው ግን ዋጋውን የሚከፍለው በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው።