በትምህርት ቪዲዮ ቅንብር የፋይሎች አደረጃጀትና አያያዝ

እንደሚታወቀው በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2004 በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር፣ መምህሩ የተዘጋጀውን ተቀባይ እንጂ አዘጋጅ አልነበረም። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በኪስ የሚያዘው ስልክ ካሜራም መቅረጸ ድምፅም ስለሆነ አንድ መምህር የቤተ ሙከራ ማሳያውን ራሱ ቀርጾና ራሱ አቀናብሮ ለተማሪዎቹ ሊያቀርብ ይችላል። ለቅንብር ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች መካከል ኬደንላይቭና ሾትከት ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆኑ ዳቪንቺ ሪዞልቭም ነፃ እትም አለው።

ይሁን እንጂ ስለ ቪዲዮ ቅንብር በሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎች ትኩረት የሚሰጠው በአብዛኛው ለመቁረጥና ለመቀጠል፣ ጽሑፍ ለማስገባትና ሙዚቃ ለመጨመር ነው። ከዚህ ሁሉ መቅደም የሚገባው የፋይሎች አደረጃጀት ግን እንደ ጽሕፈት ቤት ሥራ ተቆጥሮ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ሥራ ለምን ቀዳሚ እንደሆነና እንዴት እንደሚከናወን ባጭሩ ማስረዳት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጉዳዩን የተማረው በኪሣራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡረታ ለመውጣት ሳምንታት ብቻ የቀሯቸው አንድ አንጋፋ የኬሚስትሪ መምህር የታይትሬሽን ማሳያቸውን ለሠልጣኞች ሲያቀርቡ በሁለት ካሜራ ተቀረጸ። በጠቅላላው 23 ክሊፖች ተገኙ። ከነዚህም 14ቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ የቀሩት 9 ግን ከባልደረባ ፍላሽ ላይ እንዳሉ በቀጥታ ወደ ፕሮግራሙ ገቡ። በዚያን ዕለት ሁሉም በትክክል ይታዩ ስለነበር ሥራው የተሟላ መስሎ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ግን በዘጠኙ ቦታ ላይ «ሚዲያ ኦፍላይን» የሚል ቀይ ምልክት ብቻ ተገኘ። ፍላሹ የፈተና ወረቀቶች እንዲያዝበት ተብሎ ፎርማት ተደርጓል። መምህሩም ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ሄደዋል። ከጠፉት መካከል በፊኖልፍታሊን የተነሣ ቀለም አልባው ፈሳሽ ፈዘዝ ወዳለ ሮዝ የሚለወጥበት ቅጽበት ይገኝበታል፤ የታይትሬሽን ትምህርት ያለዚያ ቅጽበት ደግሞ ትምህርት ሊባል አይችልም።

ሀ. ፕሮጀክት ሲባል ምን ማለት ነው?

ከላይ የተጠቀሰው ስሕተት የመነጨው ብዙዎቻችን ካለን አንድ የተሳሳተ ግምት ነው። ይኸውም ቪዲዮን ወደ ማቀናበሪያ ፕሮግራም «ማስገባት» ማለት ቪዲዮውን ወደዚያ ማዛወር ማለት ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች የፕሮጀክቱ ፋይል የሚይዘው ሥዕሉንና ድምፁን ሳይሆን የፋይሎቹን አድራሻ፣ እንዲሁም ከየትኛው ሴኮንድ እስከ የትኛው ሴኮንድ እንደሚታዩ የሚገልጽ መመሪያ ነው። የዚህን እውነትነት ለማረጋገጥ የፋይሎቹን መጠን ማወዳደር ይበቃል። ቪዲዮዎቹ ብዙ ጊጋባይት ሲሆኑ የፕሮጀክቱ ፋይል ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። የኬደንላይቭን ወይም የሾትከትን የፕሮጀክት ፋይል በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም የከፈተ ሰውም የቪዲዮዎቹን አድራሻዎች በዓይኑ ሊያነብ ይችላል።

ነገሩን በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መመሰል ይቻላል። የካታሎግ ካርዱ መጽሐፉ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ ይናገራል እንጂ መጽሐፉ ራሱ አይደለም። መጽሐፉን አንድ ሰው ወደ ሌላ መደርደሪያ ቢያዛውረው ካርዱ አይታረምም፤ መጽሐፉ ቢጠፋ ደግሞ ካርዱ አይነበብም። ስለዚህ ፋይል ከቦታው ሲነሣ፣ ስሙ ሲለወጥ ወይም የተቀመጠበት ፍላሽ ሲነቀል ግንኙነቱ ይቋረጣል። በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች አንድ ፍላሽ በአንዱ ላይ «ኢ» የሚል የድራይቭ ፊደል አግኝቶ በሌላው ላይ «ኤፍ» ሊባል ስለሚችል፣ ፍላሹ እያለ እንኳ አድራሻው ሊሳሳት ይችላል።

ለ. ወደ ፕሮግራሙ ከማስገባት በፊት

ይህን ከተረዳን የመጀመሪያው ደንብ ግልጽ ይሆናል፤ አንድ ፕሮጀክት በአንድ ዋና ፎልደር ሥር መጠቃለል አለበት። በዋናው ፎልደር ውስጥ የሚከተሉትን ንዑስ ፎልደሮች አስቀድሞ መክፈት ይጠቅማል።

01 የተቀረጸ ቪዲዮ፤
02 ድምፅ፤
03 ፎቶግራፍ፣ ካርታና ግራፍ፤
04 የትምህርት ዕቅድና የንባብ ጽሑፍ፤
05 የፕሮጀክት ፋይል፤
06 የተጠናቀቀ ቪዲዮ።

ቁጥሮቹ በሁለት አኃዝ የተጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ተራው በፊደል አሠራር ስለሚወሰን 10 ከ2 በፊት ይመጣል፤ 02 ተብሎ ሲጻፍ ግን ቦታውን አይስትም።

ሁለተኛው ደንብ የካሜራውን ካርድ ይመለከታል። ከካርድ ላይ መገልበጥ እንጂ «ከት» ብሎ ማዛወር አይገባም፤ በመሐል መብራት ቢጠፋ አደጋው የከፋ ይሆናልና። አንዳንድ የቪዲዮ ካሜራዎች በካርዱ ላይ እርስ በርስ የተያያዙ በርካታ ፎልደሮች ስለሚፈጥሩ አንዱን ፋይል መርጦ ከማውጣት ይልቅ የካርዱን ይዘት እንዳለ መገልበጥ ይሻላል። ከተገለበጠ በኋላ የፋይሎቹን ቁጥርና ጠቅላላ መጠን ማስተያየት፣ ጥቂቶቹንም ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ካርዱ የሚጸዳው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ማቅረብ ይጠቅማል። በሴኮንድ 16 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋባይት፣ በደቂቃ 120 ሜጋባይት ይመዘግባል። ስለዚህ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 4,800 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ፋት 32 በተባለው ሥርዓት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። 32 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ ፍላሽ አንዱን ክፍለ ጊዜ «አልቀበልም» ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፍላሹ ባዶ ከሆነ ኤክስፋት በተባለው ሥርዓት ፎርማት ማድረግ ችግሩን ያስወግዳል። በዚሁ ምክንያት ካሜራዎች አንዱን ትምህርት ለሁለት ወይም ለሦስት ፋይል ሊከፍሉት ስለሚችሉ ሁሉም መገልበጣቸውን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፣ ባልደረባ የቀረጸውን በዋትሳፕ እንደ ተራ ቪዲዮ መቀበል ጥራቱን ይቀንሳል፤ ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ጨምቆ ይልካልና። በፋይል መልክ እንዲላክ መጠየቅ ወይም በፍላሽ መቀበል ይሻላል። በማናቸውም መንገድ የመጣ ፋይል መጀመሪያ ወደ ዋናው ፎልደር መግባት አለበት። ከፍላሽ፣ ከካርድ ወይም ከዳውንሎድ ፎልደር በቀጥታ ወደ ማቀናበሪያው ማስገባት ግን ከላይ ወደተነገረው ኪሣራ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ሐ. የፋይል ስያሜ

ብዙ ካሜራዎች ለፋይሎቻቸው አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣሉ፤ 9999 ሲደርሱም እንደገና ከ0001 ይጀምራሉ። ስለሆነም ሁለት ካሜራዎች ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች ሊያወጡ ይችላሉ፤ በአንድ ፎልደር ሲገለበጡም አንዱ ሌላውን ሊተካው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ለየካሜራው የተለየ ንዑስ ፎልደር መክፈትና ፋይሎቹን ወደ ፕሮግራሙ ከመግባታቸው በፊት በአንድ ሥርዓት መሰየም ነው። ከነሙሉ የካርድ ፎልደሮቹ የተገለበጠውን ግን የውስጥ ስሙን ሳይነኩ የላይኛውን ፎልደር ብቻ መሰየም ይበቃል። ለምሳሌ፦

2024-11-21_ኬሚ11_ታይትሬሽን_ካሜራ1_01

ዓመቱ ቀድሞ፣ ወሩና ቀኑ ተከትለው ሲጻፉ ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ራሳቸው ይሰለፋሉ።

በእኛ አገር በተለይ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በምሳሌው የተጠቀሰው ቀን በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግበው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ አንዱ መምህር በዚህ፣ ሌላው በዚያ ቢጽፍ ያንድ ቀን ሥራ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ይመስላል። በፋይል ስም ላይ የካሜራውን አቆጣጠር መያዝ፣ የኢትዮጵያውን ቀን ደግሞ በመዝገብ ላይ ማስፈር ይቀላል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ ካሜራው 09:00 ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው።

ሁለተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። እኛ «ሥነ ሕይወት» እና «ስነ ህይወት» የሚሉትን አንድ አድርገን እናነባለን። ለኮምፒዩተር ግን ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ተብሎ የተሰየመውን ፋይል «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ አባላት በአጻጻፍ ተስማምተው፣ የስምምነቱን ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፈው ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ቢለጥፉት መልካም ነው። የአማርኛን ፊደል በትክክል የማያሳይ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን በላቲን ፊደል መሰየም የግድ ይሆናል።

መ. በፕሮግራሙ ውስጥ

ፋይሎቹ ከገቡ በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ «ቢን» በሚባሉ ክፍሎች ይመደባሉ። ስሙ የመጣው ከፊልም ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አቀናባሪው የተቆረጡትን የፊልም ቁራጮች የሚያንጠለጥልበት፣ ከላይ ችንካሮች የተደረደሩበትና ውስጡ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ሣጥን ነበረው። ቅንብር ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የሣጥኑ ስም ተከትሎ መጣ፤ በዚህ ረገድ ታዋቂ የሆነው አቪድ የመጀመሪያ መሣሪያውን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

ፎልደርና ቢን አንድ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፎልደር የመጽሐፉ መደርደሪያ ሲሆን ቢን የካታሎጉ መሳቢያ ነው። ክሊፕን ከአንድ ቢን ወደ ሌላ ማዛወር በዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል አያንቀሳቅሰውም፤ በቢን ውስጥ የክሊፑን ስም መለወጥም በአብዛኛው የካርዱን ጽሑፍ ብቻ ይለውጣል። ስለዚህ ፎልደሮቹ በፋይሉ ዓይነት ሲከፈሉ ቢኖቹ እንደ ትምህርቱ ሂደት ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ለምሳሌ «መግቢያ»፣ «የመሣሪያ ዝግጅት»፣ «ማሳያ»፣ «ጥያቄና መልስ»፣ «ማጠቃለያ» ተብለው። በዚህ አኳኋን የተመደበ ክሊፕ የትምህርት ዕቅዱን ተከትሎ ሊገጣጠም ይችላል። ደካማ ክሊፖችንም ከማጥፋት «ተጠባባቂ» በሚል ቢን ማቆየት ይመረጣል።

ሠ. ግንኙነቱ ሲቋረጥ

«ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ ፋይሉ ጠፍቷል ማለት ላይሆን ይችላል። በቅድሚያ ፍላሹ ወይም ውጫዊው ሐርድ ዲስክ መሰካቱን ማየት፣ ቀጥሎም ፕሮግራሙ አዲሱን አድራሻ ሲጠይቅ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ማሳየት ነው። ይህ «ሪሊንክ» ይባላል። የፋይሎቹ ስም ካልተለወጠ ብዙ ፕሮግራሞች አንዱን ካገኙ የቀሩትንም በዚያው ያገኛሉ። የተለወጠ ከሆነ ግን አንድ በአንድ ማሳየት ሊያስፈልግ ይችላል። በመደናገጥ «አስወግድ» የሚለውን መንካት ግን አይገባም፤ ክሊፑን የሚመለከተውን የቅንብር ሥራ ጭምር ይሰርዛልና።

ፕሮጀክቱን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ለማዛወር ሲፈለግ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ፎልደር ሥር ካለ ፎልደሩን በሙሉ መገልበጥ ዋናው ዘዴ ነው። በተጨማሪም ኬደንላይቭና ሪዞልቭ ፕሮጀክቱን ከነቪዲዮዎቹ ጠቅልለው የሚያወጡበት «አርካይቭ» የተባለ መሣሪያ አላቸው፤ በአዶቤ ፕሪሚየርም «ፕሮጀክት ማኔጀር» ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ሪዞልቭ ፕሮጀክቶቹን በራሱ የመረጃ ቋት ውስጥ ስለሚያስቀምጥ የቪዲዮ ፎልደሩን ብቻ የገለበጠ ሰው ቅንብሩን ይዞ እንደማይሄድ ማወቅ አለበት።

ረ. ተጨማሪ ቅጂዎች

በሙያው የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ የሚል ነው። ለምሳሌ አንዱ በትምህርት ክፍሉ ኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሐርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ሕንፃ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል። ሊጠበቁ የሚገባቸው መጀመሪያ የተቀረጹት ፋይሎች፣ የፕሮጀክቱ ፋይልና የተጠናቀቀው ቪዲዮ ናቸው። ፕሮግራሙ ለራሱ ሥራ የሚፈጥራቸውን «ካሽ» የተባሉ ጊዜያዊ ፋይሎች ግን እንደገና ሊፈጥራቸው ስለሚችል ቦታ ሲጠብ ማጥፋት ይቻላል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሥራ ለአንድ ፕሮጀክት ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ እንደሆነ ከእናቶቻችን ተምረናል። በየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ጡረታ የሚወጡ፣ ከሰሌዳና ከቤተ ሙከራ ጋር ዕድሜያቸውን ያሳለፉ መምህራን አሉ። አሠራራቸውን ቀርጾ ለማቆየት የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጃችን ነው። ውድ የሥራ ባልደረቦች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ከመክፈታችሁ በፊት ስድስቱን ፎልደሮች ክፈቱ፤ የባልደረባችሁንም ፍላሽ ከመመለሳችሁ በፊት በላዩ ያለው ሁሉ መገልበጡን ቁጠሩ።