ኮምፒውተሩ ማንን እየጠበቀ ነው?

ኮምፒውተር ለመነሳት ሲዘገይ በየከተማችን የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይደረግ።» ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ፎርማት የሚረዳበት ጊዜ አለ። ሌላ ጊዜ ግን አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ የደንበኛ ፋይል ጠፍቶ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ ሲያበቃ ጥቁሩ ስክሪን እንደ ድሮው ተገትሮ ይቀራል። ዊንዶውሱ ገና ሥራ ሳይጀምር የመጣ መዘግየት ዊንዶውስ በመቀየር አይድንም።

የማብሪያው ቁልፍ ሲነካ ቀድሞ የሚሠራው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የሚሰጠው ቮልቴጅ መርጋቱን ሲያረጋግጥ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይልካል፤ ያኔ ፕሮሰሰሩ ይነቃና ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ የተጻፈውን ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ባዮስ ይባላል። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ቦታውን ዩኢኤፍአይ ወስዶበታል፤ ባለሙያው ግን አሁንም ባዮስ እያለ ነው የሚጠራው። ሥራው የክፍል ስም ጥሪ ነው። ራሙን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን፣ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ በየተራ ይጠራል። «አቤት» ያለውን መዝግቦ ያልፋል። ዝም ያለውን ግን ወዲያው «ቀሪ» አይለውም፤ ቆሞ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠራል። ጥሪው ሲያልቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዲስክ አንስቶ ሥራውን ያስረክበዋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ የባዮስን መዝገብ ብቻ አምኖ አይቀመጥም፤ በድራይቨሮቹ አማካይነት ዕቃውን ሁሉ እንደ አዲስ ይጠራል። አንድ የታመመ ዲስክ ሁለት ጊዜ የሚያስጠብቀን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ሆነ?» ሳይሆን «የትኛው ላይ ቆመ?» የሚለው ነው። ለዚህ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ቁልፉ ከተነካበት ጊዜ አንሥቶ የዊንዶውስ ነጥቦች መሽከርከር እስኪጀምሩ ያለው የባዮስ ድርሻ ነው። ከነጥቦቹ እስከ ፓስወርድ መጠየቂያው የድራይቨሮችና ከጀርባ የሚሠሩት የሰርቪሶች ነው። ፓስወርድ ከገባ በኋላ ያለው መጎተት ደግሞ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ጉዳይ ነው፤ ፎርማት ይረዳል ከተባለም እዚህ ላይ ነው፣ ለዚያውም ፕሮግራሞቹን ማጥፋት እየተቻለ።

ዊንዶውስ ራሱም ሰዓቱን ይመዘግባል። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ «ስታርታፕ» የሚለው ሲነካ በብዙ ማሽኖች ላይ «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል ቁጥር በሰከንድ ይታያል። ከ40 ወይም ከ50 ሰከንድ በላይ ካሳየ ዊንዶውሱን ለቀቅ አድርጉት። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ያልነው ማሽን ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። እውነተኛውን ጊዜ ለመለካት «ሪስታርት» ማድረግ ያስፈልጋል።

ይበልጥ የሚናገረው መዝገብ ኢቨንት ቪውር ውስጥ፣ በማይክሮሶፍትና በዊንዶውስ ሥር፣ «ዳያግኖስቲክስ-ፐርፎርማንስ» በሚል ስም ተቀምጧል። ቁጥር 100 የሚል ምልክት ያለው መስመር ዊንዶውሱ ለመነሳት የወሰደበትን ጠቅላላ ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይሰጣል። 101 ያዘገየውን ፕሮግራም፣ 102 ድራይቨሩን፣ 103 ሰርቪሱን ይጠቁማል። 109 ደግሞ ለመነሳት ከልኩ በላይ የቆየውን የሃርድዌር ዕቃ በስሙ ይጠራል። ኮምፒውተሩ ራሱ ጽፎ ያስቀመጠውን ምስክርነት ሳያነብ ፎርማት የሚያደርግ ጠጋኝ፣ በእኔ አስተያየት፣ በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት ያዘዘ ነው።

ኡቡንቱ ወይም ሌላ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። «ሲስተምዲ-አናላይዝ» የምትለው ትእዛዝ ጊዜውን ለባዮሱ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ለሚያስነሳው ጫኝ፣ ለእምብርቱ ማለትም ለከርነሉና ለቀሪው ትከፋፍላለች። «ብሌም» የሚል ቃል ሲጨመርባት ረጅም ጊዜ የወሰዱትን በቅደም ተከተል ትደረድራለች፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ከላይ የተቀመጠው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ማን ማንን እንዳስጠበቀ የምታሳየው «ክሪቲካል-ቼይን» ናት። የከርነሉ መልእክቶችም እያንዳንዳቸው ፊት ለፊታቸው ሰከንድ አላቸው፤ በሁለት መስመሮች መካከል ቁጥሩ ከ3 ወደ 38 ከዘለለ ምርመራው ከዚያች ክፍተት ይጀምራል።

የመዘግየቱ ጠባይም ይናገራል። በየቀኑ ያው 30 ወይም ያው 90 ሰከንድ ከሆነ ማሽኑ የሚጠብቀው የማይመጣ ነገር ነው። ለምሳሌ ሊኑክስ ላይ ድሮ የተነቀለ ዲስክ ስሙ ከዲስኮች ዝርዝር ካልተሰረዘ፣ ማሽኑ 90 ሰከንድ ሙሉ የሌለውን ሲጠብቅ ይቆያል። አንድ ቀን 20፣ ሌላ ቀን 70 የሚሆን መዘግየት ግን የሚታገል ዕቃ ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው እየጠፋው ደጋግሞ የሚሞክር ሃርድ ዲስክ ነው።

የአገራችን ሁኔታ የራሱን ምክንያት ይጨምራል። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትጠብቀው እሷ ናት። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሲሆን ባትሪዋ ታርፋለች። መብራት በሚጠፋበት፣ ማታ ሶኬት በሚነቀልበት ቤት ግን ሸክሙ ሁሉ የእሷ ስለሚሆን ቶሎ ታልቃለች። ያኔ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል፤ አንዳንዱም ከዲስክ በፊት በኔትወርክ ለመነሳት መልስ የሚሰጠው ሰርቨር ይፈልጋል። ወገዳ ላይ ያለ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለ ሰርቨር ከየት ያመጣል? ቀኑም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሳሳተው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ልክ ሊመስልና ሊያታልል ይችላል።

ከፍታውም ቀላል ነገር አይደለም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለችው ማንበቢያ ራስ ሳህኑን አትነካም፤ ሲሽከረከር አብሮት የሚዞረው አየር በጥቂት ናኖሜትር ርቀት አንሳፍፎ ይይዛታል። አየር ሲሳሳ ይህ ርቀት ይጠባል። ለዚህም ነው አምራቾች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ወሰን ወደ 3,050 ሜትር አካባቢ የሚያበቃው። ነፋስ መውጫ ወደ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከ4,100 ሜትር የሚያልፈው የጉና ተራራ ጥግ ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ዲስክ እዚያ አይሠራም ማለት አይደለም፣ እየሠራ ነው። ግን አምራቹ ከወሰነው ልክ በላይ ነው የሚሠራው። ብርዱም አለ፤ ዲስኮች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ከ0 ወይም ከ5 ዲግሪ ጀምሮ ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ጠዋት የሚጎተት፣ ከሰዓት በኋላ የሚፈጥን ማሽን ካላችሁ መጀመሪያ ዲስኩን ጠርጥሩ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህንም የምትንሳፈፍ ራስም ስለሌለው ለደገኛው ከሁሉም የተሻለ ግዢ ነው።

ምርመራው ራሱ ወጪ የለውም። ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን፣ ውጫዊ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ኬብሉን ነቅላችሁ ማሽኑን አስነሱ። ከፈጠነ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ያዘገየውን ለዩ። ካልፈጠነ ራሙን አውጥታችሁ መልሱ፤ በጠጠር መንገድ እየተንገጫገጨ ደብረ ታቦር ደርሶ የተመለሰ ማሽን ራሙም ኬብሉም ሊላላ ይችላል። ቀጥሎ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ እዩ። በዚያ መዝገብ ቁጥሮች የሚጻፉት በአሥራ ስድስት መደብ ነው፤ «ሲ7» የሚለው መስመር እየጨመረ ከሄደ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብል ነው፣ ኬብል ደግሞ ርካሽ ነው። «05» ወይም «ሲ5» የሚሉት እየጨመሩ ከሆነ ግን ዲስኩ እየሞተ ነው። ያን ጊዜ ፎርማት የሚል ሰው እንዲነካው አትፍቀዱ፤ መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ከዚያ ዲስኩን ቀይሩት።