በየክረምቱ የሚመለስ ጥያቄ፦ ፋሲል ከነማ አማካይ ይግዛ ወይስ ያሳድግ?

ክረምት ገብቶ ሊጉ ሲዘጋ ጎንደር ውስጥ ሌላ ክርክር ይከፈታል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ፒያሳ አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ቆርኪ ሊያይ ይችላል። አንዱ ቆርኪ በረኛ ነው፣ አራቱ ከኋላ፣ ሦስቱ ከፊት። መሀል ላይ ሁለት ብቻ ተቀምጠው የሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ሰው የለንም» ይላል። ከጎኑ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡት አዛውንት «ሰውማ ነበረን፤ ሄደብን እንጂ» ይሉታል። «ታዲያ ጋሼ፣ ብር አውጥተው አያመጡም?» ሲል ቤቱ በሁለት ይከፈላል።

ይህ ክርክር ዓመታት አስቆጥሯል። አንዱ ወገን ክለቡ ገንዘብ አውጥቶ ስም ያለው አማካይ ያስፈርም ይላል። ሌላው በከተማው ገንዘብ የከተማውን ልጅ አሳድጉ ይላል። ሁለቱም ፋሲልን ይወዳሉ፤ ሁለቱም የሚሉት እውነት አለው። ክርክሩን ለመዳኘት ግን በአገራችን እግር ኳስ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዳሽን ወደ ፋሲል

ፋሲል ከነማ የተመሠረተው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዕድሜ አንጋፋ ቢሆንም በፕሪሚየር ሊጉ የጎንደርን ስም ያስጠራ የነበረው የቢራ ፋብሪካው ቡድን ዳሽን ቢራ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። ዳሽን ቢራ ከሊጉ ወረደ፤ ፋሲል ደግሞ ወደ ሊጉ አደገ። ዳሽን ከወረደ በኋላ ቡድኑ ፈረሰ። የጎንደር ሰው ከዚህ የተማረው ነገር አለ፦ የድርጅት ቡድን ድርጅቱ በቃኝ ባለ ቀን ያበቃል፤ የከተማ ቡድን ግን ቢወርድም ባለቤት አያጣም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈጣን ዕድገት ነው። ፋሲል በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሳ። የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ አሸናፊ ተሰረዘ። ውበቱ ክለቡን ከለቀቀ በኋላ ሥዩም ከበደ ተተካ፤ አፄዎቹ ተብለው የሚጠሩት ፋሲሎችም በ2013 የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ። በ2014 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለው ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ።

ቆርኪ የሚደረድሩት ሰዎች ዛሬም የሚያነጻጽሩት ከዚያ ቡድን ጋር ነው። ሱራፌል ዳኛቸው መሀል ላይ ኳስ ሲቀበል ስታዲየሙ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ሀብታሙ ተከስተ ከኋላው ይሸፍናል፤ ሽመክት ጉግሳ በመስመር ይሮጣል፤ ሙጂብ ቃሲም ሳጥን ውስጥ ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህ ቡድን በአንድ ክረምት አለመገዛቱን ነው። ዋናዎቹ ተጫዋቾች ከዋንጫው ዓመት በፊት አብረው ሰንብተዋል። አንዱ የሌላውን ሩጫ ሳያይ የሚያውቅ ቡድን ነበር።

ብሩ የሚሄድበት መንገድ

ደጋፊዎቻችን ስለ ዝውውር ሲከራከሩ መለኪያቸው አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ሊግ ነው። በሐምሌ 2015 አርሰናል ዴክላን ራይስን ከዌስትሃም ሲወስድ 100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በተጨማሪም እንደ ውጤቱ እስከ 5 ሚሊዮን ለመክፈል ተስማማ። በወሩ ቼልሲ ለሞይሰስ ካይሴዶ እስከ 115 ሚሊዮን የሚደርስ ዋጋ ቆረጠ። ሁለቱም አማካዮች ናቸው። «እነሱ ለመሀል ሜዳ ይህን ያህል ካወጡ እኛስ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ንጽጽሩ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ይዘላል። የእንግሊዙ ገንዘብ የሚከፈለው ለሻጩ ክለብ ነው። ገዢው ለአምስትና ለስምንት ዓመት ውል ይይዛል፤ ተጫዋቹ ሌላ ክለብ ቢፈልገው ደግሞ መልሶ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ያወጣው ብር ንብረት ሆኖ መዝገቡ ላይ ይቀመጣል።

እኛ ዘንድ የተለመደው ውል አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ተጫዋቹ ነፃ ነው፤ ክለቡ ለቀደመው ክለብ የሚከፍለው ነገር የለም፣ ገንዘቡ በሙሉ በደመወዝም ሆነ በፊርማ ስም ወደ ተጫዋቹ ይሄዳል። ተጫዋቹ አልተሳሳተም፤ የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፣ ጉልበቱ ሳለ መሰብሰብ መብቱ ነው። ክለቡ ግን በዓመቱ መጨረሻ ባዶ እጁን ይቀራል። ቀጣዩ ክረምት ሲመጣ ያንኑ ቦታ ለመሙላት ያንኑ ወይም ከዚያ የበለጠ ገንዘብ እንደገና ያወጣል። ቤት እንደ መከራየት ነው፤ አሥር ዓመት ቢከፍሉ ግድግዳው የእርስዎ አይሆንም። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉትም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የጣሪያው ታሪክ

ደመወዙ እየናረ ሲሄድ አገሪቱ ልጓም ለማበጀት ሞክራለች። በነሐሴ 2011 ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ሐሳቡ ቀና ነበር። በወረቀት ላይ 50,000 ተጽፎ ቀሪው በጓሮ በር ይከፈላል የሚለው ወሬ ግን ወዲያው ተከተለ። በኋላም የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የአንዱን ተጫዋች ደመወዝ ከመገደብ ወጥቶ ክለቡ በውድድር ዘመኑ ለተጫዋቾች የሚያወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ወደ መገደብ ተሻገረ።

ይህ ለፋሲል ብጤ ክለብ ትልቅ ነገር ነው። በ2016 የሊጉን ዋንጫ የወሰደው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን። አንዱ የባንክ፣ ሌላው የመድን ድርጅት ክለብ ነው። በጨረታ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር የከተማ አስተዳደር የለም። ጣሪያው በእውነት ከተከበረ ሜዳው ይስተካከላል። ካልተከበረ ሕግ አክባሪው ክለብ ብቻ ይጎዳል።

ከየት ይምጣ?

«ከነማ» የሚለው ቅጥያ ራሱ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር ያስታውሳል። ክለቡ የሚኖረውም ከከተማው በጀት፣ ከስፖንሰርና ከደጋፊው ኪስ በሚገኝ ገንዘብ ነው። ሦስቱም ምንጮች ባለፉት ዓመታት ተፈትነዋል።

የቢራ ፋብሪካዎች ለኢትዮጵያ ክለቦች ዋና አለኝታ ነበሩ። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያወጣ ፋብሪካዎቹ ከኳስ የሚያገኙት ጥቅም ጠበበ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ያዘ፤ የአምስት ዓመቱ ውል ወደ 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። የገቢ ምንጭ ሆነ፣ ተጫዋቾቻችንም ታዩ። ውድድሩ ግን ለቀረጻ በሚያመቹ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ እንዲካሄድ ተደረገ። ጎንደሬው በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም የራሱን ቡድን ማየት ቀረበት፤ ከቲኬት፣ ከማሊያ፣ ከሻይና ከቆሎ የሚገኘው ገቢም ከከተማው ወጣ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ሲጨመርበት ደጋፊው ቡድኑን ተከትሎ ለመጓዝም ተቸገረ።

ደጋፊው ቡድኑን በከተማው ሜዳ ላይ ቢያገኘው ገንዘቡን ሰጥቶ ዘጠና ደቂቃ ያገኝ ነበር። አሁን ገንዘቡን ይሰጣል፣ የሚያገኘው ግን የቴሌቪዥን መስኮት ነው። «ብር አውጡ» የሚለው ድምፅ ውስጥ ይህ ናፍቆት አለ። በዓይኑ ያላየውን ቡድን ቢያንስ በዝውውር ዜና ሊነካው ይፈልጋል።

ለምን አማካይ?

ከሁሉም ቦታ ይልቅ ክርክሩ መሀል ሜዳ ላይ የሚበረታው በምክንያት ነው። ጥሩ አጥቂ ከየትም መጥቶ በመጀመሪያ ሳምንቱ ጎል ሊያገባ ይችላል። በረኛም ብቃቱን ይዞ ይመጣል። አማካይ ግን የሚሠራው በሌሎች አሥር ሰዎች በኩል ነው። የግራ ተከላካዩ መቼ እንደሚወጣ፣ አጥቂው ኳስ በእግሩ እንደሚፈልግ ወይስ በክፍት ቦታ፣ ይህን ለመማር ወራት ይፈጃል። የአንድ ዓመት ውል ያለው አማካይ ቡድኑን ለምዶ ሲያበቃ የመውጫው ቀን ደርሷል። ክለቡ ትምህርቱን ከፍሎለት ፍሬውን ሌላ ክለብ ይበላዋል።

በ2014 መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ወጣ። አልተሸነፈም፤ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ሕግ ግን ወደቀ። በዚያው ክረምት ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄዶ ነበር። ቡድኑ ጫፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት መበተን ጀመረ፤ ያን ቡድን መልሶ መግዛት ከዚያ በኋላ አልተቻለም።

የቧንቧው ጥያቄ

ሦስተኛ ድምፅም አለ፤ እሱንም ማዳመጥ ተገቢ ነው። ጎንደር ለረጅም ጊዜ የውኃ ችግር ያለባት ከተማ ናት። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፤ የመገጭ ግድብ ግንባታ ለዓመታት ተጓትቷል። ጄሪካን ይዛ የምትሰለፍ እናት የከተማው ገንዘብ ለምን ለአንድ አማካይ ይከፈላል ብትል መልስ ይገባታል።

መልሱ «ኳስ ደስታ ነው» ብቻ ሊሆን አይችልም። የ2013 ዋንጫ ሰሜኑ በጦርነት በተናወጠበት ዓመት ለዚህች ከተማ የሰጠው ነገር በብር አይለካም፤ ይህን በሙሉ ልብ አምናለሁ። ግን ሕዝብ ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቅ አለበት። በየዓመቱ ለደመወዝ የወጣው፣ ከስፖንሰር የገባው፣ ለታዳጊዎች የተመደበው በግልጽ ቢነገር እናትየዋም ደጋፊውም በአንድ መዝገብ ላይ ይነጋገራሉ።

ከደባርቅ እስከ አዘዞ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳባት ሲቃረብ፣ ከብት የሚሰማራበት መስክ ላይ ልጆች ሲጫወቱ ቆሜ አይቻለሁ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ሜዳው ተዳፋት ስለሆነ ኳስ ወደ ታች ካመለጠ ረጅም ሩጫ አለ፤ ስለዚህ ኳስ ማባከን ያስቀጣል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ አንድ ቀጭን ልጅ ኳስ ከመቀበሉ በፊት በቀኝ ትከሻው በኩል ዞር ብሎ ያያል፤ ከዚያ በአንድ ንክኪ ይለቃል። ይህን ማንም አላስተማረውም። በደባርቅ በኩል ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እየሮጠ የሚያድግ ልጅ ሳንባውንም በነፃ አግኝቷል። የጎደለው ሜዳና አሠልጣኝ፣ ስሙን የሚመዘግብለት ሰውም ጭምር ነው።

መመዝገቡ ጥቅም አለው። በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ወጣት ሳለ ወደ ውጭ ሲሄድም የማሠልጠኛ ካሣ አለ። መዝገብ የሌለው ክለብ ግን የሚጠይቀው ነገር የለውም።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው። ፋሲል መግዛት አያቁም፤ የትኛውም የሊግ ክለብ በልጆች ብቻ አይቆምም። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት የመሀል ተጫዋቾች ረጅም ውል ይስጥ፤ ዓመቱን ሙሉ በየቦታው ከሚበታተን ደመወዝ ይልቅ እነሱን ማቆየት ይበልጣል። ከበጀቱ ተለይቶ የሚታወቅ፣ በክፉ ዓመትም የማይነካ ድርሻ ከአዘዞ፣ ከደምቢያ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ለሚመጡ ታዳጊዎች ይመደብ። ሒሳቡም በየዓመቱ ለደጋፊው ይነበብ።

የቡና ቤቱ ክርክር ሲያልቅ ባለቤቷ ቆርኪዎቹን በእጇ ጠርጋ ወደ ሣህን ትጥላለች። በሚቀጥለው ቀን ሰዎቹ ተመልሰው ሲደረድሩ መሀሉ እንደገና ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ቦታው በገበያ ለአንድ ዓመት ሊሞላ ይችላል። ለአሥር ዓመት የሚሞላው ልጅ ግን ምናልባት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዳባት ላይ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከብቶቹን ከመስኩ እያራቀ፣ ሁለቱን ድንጋዮች እያስተካከለ ነው። ሄደን ስሙን እንጻፍ።