ቀለሙ ሳያልቅ ሙሉት

በእጅ በሚጻፍ መጽሔት ላይ ስለ ፕሪንተር ቀለም መጻፌ ትንሽ ያስቃል፤ የክበባችን ልጆችም ስቀውብኛል። ግን ወርክሺት በቴሌግራም ሲላክ ሁላችንም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ፕሪንተር ወዳለው ጎረቤት እንሮጣለን። ካርትሪጅን በሲሪንጅ መልሶ መሙላት እንደሚቻልም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እኔ ሞክሬው መጀመሪያ አበላሸሁ፣ ከዚያ ተማርኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

እኛ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። አባዬ ያገለገለ ፕሪንተር ገዝቶልን ነበር። እህቴ 8ኛ ክፍል ስለሆነች ለሚኒስትሪ የምትሠራቸውን ጥያቄዎች የማተም ሥራ የኔ ነው። አንድ ቀን ጽሑፉ እየደበዘዘ መጣ። ካርትሪጁን አውጥቼ ወዝወዝ አድርጌ መለስኩት፤ ሁለት ገጽ አተመ። እንደገና ወዘወዝኩ፤ ግማሽ ገጽ። ከዚያ ባዶ ወረቀት እያወጣ እኔ ግን «አትም» ማለቴን አላቆምኩም። በማግስቱ ቀለም ተገዝቶ ሞላሁት፤ ጢም ብሎ ሞልቶ አንድ ፊደል እንኳ አልጻፈም። እህቴ ያን ሳምንት ጥያቄዎቹን ከስልክ እያየች በእጇ ገለበጠች። ምንም አላለችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከአባዬ ጋር በታክሲ መገናኛ ሄደን ለአንድ ጠጋኝ አሳየነው። ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ማሙሽ፣ ይሄ ቀለም ስላለቀበት አይደለም የሞተው፤ ካለቀ በኋላ ስላሠራኸው ነው። በደረቁ አቃጥለኸዋል» አለኝ።

«ጋሼ፣ ቀለም እንዴት ይቃጠላል?» አልኩት። ቀለሙ ሳይሆን ሄድ የሚሉት የካርትሪጁ አፍ ነው የሚቃጠለው። ካርትሪጁ ሥር በዓይን የማይለዩ በጣም ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ጀርባ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚግል ትንሽዬ ማሞቂያ አለ። ጀበና ሲገነፍል አይታችሁ የለ? እንፋሎቱ ቡናውን በአንገቱ ገፍቶ ያወጣዋል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ማሞቂያው ሲግል ቀለሙ ውስጥ አረፋ ይፈጠርና አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ይተፋል። ይህ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ማሞቂያውን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቀለሙ ነው። ቀለም በሌለበት ስታሠሩት ባዶ ድስት እሳት ላይ እንደ መጣድ ነው። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ዘዴ ራሱ ከሲሪንጅ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓኑ ካኖን ድርጅት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የጋለ የመበየጃ ካውያ ቀለም ያለበትን ሲሪንጅ መርፌ በአጋጣሚ ነካውና ቀለሙ ከጫፉ ተፈናጠረ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ ተነስተው ነው በሙቀት የሚረጭ ፕሪንተር የሠሩት።

ሁሉም ፕሪንተር ግን በሙቀት አይሠራም። ኤፕሰን ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚታጠፍ ነገር ተጠቅሞ ነው ቀለሙን የሚገፋው። የእነዚህ አፍ ካርትሪጁ ላይ ሳይሆን ፕሪንተሩ ላይ የተገጠመ ነው፤ ከተደፈነ ካርትሪጅ በመቀየር አይድንም። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት የቤታችሁ ፕሪንተር የትኛው እንደሆነ እዩ። ትምህርት ቤት ቢሮ ያለው ላዘር ደግሞ ቀለሙ ዱቄት ስለሆነ ይህ ጽሑፍ እሱን አይመለከትም።

«ሳያልቅ ሙሉ» ስላችሁ፣ ማለቁን በምን እናውቃለን ትሉ ይሆናል። የስክሪኑን ምልክት ብዙ አትመኑ። ብዙ ፕሪንተሮች የሚቆጥሩት የተፉትን ጠብታ እንጂ ውስጥ ያለውን ቀለም አያዩም። ለዚህ ነው ከሞላችሁት በኋላም «ባዶ ነው» እያለ የሚጨቀጭቃችሁ። እኔ አሁን ፕሪንተሩ ላይ ወረቀት ለጥፌ ያተምኩትን ገጽ እቆጥራለሁ። ትንሹ የኤችፒ 123 ጥቁር ካርትሪጅ ለምሳሌ 120 ገጽ ገደማ ነው የሚያትመው። እንደዚህ ዓይነት ካላችሁ 80 ላይ ስትደርሱ ሙሉት። ጽሑፉ መደብዘዝ ከጀመረ ደግሞ ወዲያው አቁሙ፤ መወዝወዝ የለም።

ሲሪንጁን ከፋርማሲ አዲስ ግዙ፤ መንገድ ላይ የወደቀ በፍጹም አትንኩ። ስትሞሉም ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፤ እማዬ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ነጥብ እስካሁን ታሳየኛለች። የካርትሪጁን ስቲከር ስትገልጡ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ባለ ቀለሙ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ መሰል እና ቢጫ። የትኛው የማን እንደሆነ ከካርትሪጅ ካርትሪጅ ስለሚለያይ በግምት አትሙሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ስቴኪኒ ከታችሁ ጫፉ ላይ የወጣውን ቀለም እዩ። ለእያንዳንዱ ሌላ ስቴኪኒ፣ ሌላ ሲሪንጅ።

ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ ችኮላ አይወድም። ቀስ እያላችሁ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ከላይ ብቅ ካለ መልሳችሁ ትንሽ ምጠጡት፤ አለበለዚያ አንዱ ወደሌላው ይፈስና ቢጫው አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ የታጠፈ ሶፍት በለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ የካርትሪጁን አፍ ቀስ ብላችሁ አሳርፉበት። ሦስት ንጹሕ መስመር ከታየ ተሳክቷል። የመዳብ ነጥቦቹን በእጅ አትንኩ። ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ስትሸፍኑም ድርቅ አድርጋችሁ አትድፈኑ፤ አየር ካልገባ ቀለሙ አይወርድም። የማኅተም ወይም የብዕር ቀለም አይሆንም። ለፕሪንተራችሁ የሚሆን ቀለም ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሌላው ጠላት መብራት መጥፋት ነው። ፕሪንተር በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ የካርትሪጁን አፍ ወደ ጥግ ወስዶ ጎማ ላይ ይከድነዋል። ዲቫይደሩን ስትነቅሉት ወይም እያተመ መብራት ሲሄድ ግን አፉ እንደተከፈተ ይቀራል፤ በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ቀለሙ ቶሎ ይጋገራል። መብራት ሲመጣ አብርታችሁ በቁልፉ አጥፉት። በሳምንት አንዴም ቀለም ያለበት ትንሽ ነገር አትሙ።

አዲስ ፕሪንተር የሚገዛ ቤተሰብ ካለ፣ ከጠርሙስ በቀጥታ የሚሞላው ባለ ታንክ ሲሪንጅም ስቴኪኒም አያስፈልገውም። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ኢንዶኔዥያ ላይ ነው ለገበያ ያቀረበው። 103 የሚባለው ባለ 65 ሚሊ ሊትር ጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ ገደማ ያትማል፤ ከላይ ካልኳችሁ 120 ጋር አወዳድሩት። ፕሪንተሩ ሲገዛ ግን ይወደዳል፤ አባዬም «እስቲ ይደርሳል» ብሎ አልፎታል። ለጊዜው አዲስ ካርትሪጅ ገዝተን አምስት ጊዜ ሞልቼዋለሁ፤ እየሠራ ነው። ስፖንጁም አፉም ስለሚያረጁ ለዘላለም እንደማይኖር አውቃለሁ።

በመጨረሻ ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። አንዳንዱ ወርክሺት የፊት ገጹ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ተቀብቶ፣ መሐል ላይ የትምህርቱ ስም ብቻ ይጻፍበታል። ያ ገጽ ጥያቄ የለውም፤ ቀለም ግን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይጠጣል። እባካችሁ በነጭ ላይ ላኩልን። እህቴም «የመልስ መስጫውን ቦታ ሰፋ አድርጉልን ብለህ ጻፍ» ብላኛለች፤ ጽፌያለሁ።