የጎማ ዛፍ የሥር ባልንጀሮች

በደቡብ ታይላንድ የጎማ እርሻ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚያየው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ነው፤ በመስመር የተተከለ፣ እኩያ የሆነ፣ ቅርፊቱ በሰያፍ ተበጥቶ ነጭ ወተቱ ከግንዱ ላይ ወደታሰረ ጽዋ የሚንጠባጠብ። ታይላንድ በተፈጥሮ ጎማ ምርት ከዓለም አንደኛ ናት። ዛፉ ግን ባዕድ ነው፤ አገሩ የአማዞን ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ 70,000 ያህል ዘር ከብራዚል ወደ ለንደን ወሰደ፤ ከዚያ የበቀሉት ችግኞች ወደ ስሪላንካና ሲንጋፖር ተላኩ።

እንግዳው ዛፍ በአዲሱ አፈር ብቻውን አልቀረም። አርባስኩላር ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ተክል ብዙም አይመርጡምና፣ ከበቆሎ፣ ከካሳቫና ከቡና ሥር ጋር እንደሚኖሩት ሁሉ ከእሱም ጋር ተዛመዱ። የጎማ ገበሬ ፈንገስ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ነጭ የሥር አበስብስ የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። እነዚህ ግን ሌላ ወገን ናቸው።

ጎማ በብዛት የሚተከለው ዝናብ ባጠበው አሲዳማ አፈር ላይ ነው። እዚያ ፎስፈረስ ቢኖርም ብረትና አሉሚኒየም አጥብቀው ይይዙታል፤ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስም ሥሩ አጠገቡ ያለውን ቶሎ ይጨርሳል። ፈንገሱ ሥሩ የማይደርስበት ቦታ ድረስ ቀጫጭን ክሮቹን ይዘረጋል፤ የብዙዎቹ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ አይበልጥም። ያመጣውን ፎስፈረስ የሚያስረክበው በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በቅርንጫፍ መልክ በሚዘረጋው አካሉ ሲሆን፣ ይህ አካል የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ይሟሟና ሌላ ይተካል። በምላሹ ዛፉ በቅጠሉ ከሠራው ስኳርና ቅባት ያካፍለዋል። ፈንገሱ ያለ ሕያው ሥር ዑደቱን መጨረስ አይችልም።

ትልቁ ነገር ግን የዓይነቱ ብዛት ነው። በዓለም ስም የወጣላቸው ከ300 በላይ ናቸው፤ ጠባያቸውም አንድ አይደለም። የጊጋስፖራ ወገኖች ብዙ ክር ወደ አፈሩ ይዘረጋሉ። የግሎመስ ወገኖች በብዛት ሥሩ ውስጥ ይሰፍራሉ፤ መሬት ታርሶ ክራቸው ቢበጣጠስ እንኳ ከቁራጩ ያገግማሉ። አካውሎስፖራ አሲዳማ አፈርን ይችላል። ስለዚህ አንዱ ወገን ሲጠፋ አብሮት አንድ ሥራ ይጎድላል።

ማንነታቸውን መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጌርደማንና ኒኮልሰን ባስተዋወቁት ዘዴ አፈሩ በውኃ ተበጥብጦ በጥቃቅን ወንፊቶች ይጣራል፤ የሚገኙት ስፖሮች፣ ማለትም የፈንገሱ መራቢያ ቅንጣቶች፣ ትልልቆቹ እንኳ ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። ስፖር ብቻውን ግን ያሳስታል፤ አፈር ውስጥ ስፖሩ የበዛ ፈንገስ ሁሉ ሥሩ ውስጥ ሠራተኛ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ ዲኤንኤ ይወሰዳል፤ ስም ያልወጣላቸው ዓይነቶች የሚታዩትም በዚህ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ጎማ የተስፋፋው ቀድሞ ካሳቫ ይመረትበት በነበረ አሸዋማ መሬት ጭምር ነው። ካሳቫ ራሱ በእነዚህ ፈንገሶች ላይ እጅግ ጥገኛ ስለሆነ፣ ችግኙ የሚተከለው ባዶ አፈር ላይ አይደለም። አደጋው የሚመጣው ከአያያዝ ነው። ፎስፈረስ ማዳበሪያ ሲበዛ ዛፉ ፈንገሱን መመገብ ይቀንሳል። አረም ማጥፊያ መካከሉን ራቁት ሲያስቀረው ሥር ያንሳል። ከ25 እስከ 30 ዓመት አገልግሎ ያረጀው ዛፍ በማሽን ተነቅሎ አዲስ ሲተከል ደግሞ የክሩ መረብ ይበጣጠሳል። በረድፎቹ መካከል እንደ ፑራሪያ ያለ ሐረግ የመዝራት ልማድ ትልቅ ብልሃት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ አፈሩን ይሸፍናል፣ ናይትሮጅን ይጨምራል፣ ለፈንገሱም ሕያው ሥር ያቆይለታል። በከረጢት የሚሸጠው ፈንገስ ለችግኝ ጣቢያ ሊጠቅም ይችላል፤ ለእርሻው ግን መጀመሪያ ያለውን መጠበቅ ይሻላል እላለሁ።

በአገራችንም በጉራ ፈርዳ የጎማ ዛፍ ተተክሏል፤ የቡናችን ሥርም የእነዚሁ ፈንገሶች ባልንጀራ ነው። የግብርና ባለሙያዎቻችን አፈር ሲመረምሩ አሲድነትና ፎስፈረስ ለክተው አይብቃቸው፤ ሥሩንም አጥበው፣ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ይዩት።