ስለ ቤተ ሰብ ትምህርትና ስለ ቀጨኔ ባለ እጆች

ትምህርት ከፊደል ገበታ ፊት የሚጀመር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ልጅ ሀሁን ከመቍጠሩ አስቀድሞ አባቱ ለጎረቤት የሚሰጠውን ሰላምታ፤ እናቱም ሥራዋን የምትይዝበትን ትጋት ሲያጠና ይቈያል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ለኅብረተ ሰብ የሚጠቅመው ሰውን ስለሚያበዛ ብቻ አይደለም፤ ጠባይንና ጥበብን ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚያሻግር ነው እንጂ።

ይህን በዓይኑ ለመመልከት የሚወድ ሁሉ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፤ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ወዳለው ወደ ቀጨኔ ይውጣ። በዚያ ሰፈር ከሰሜን ሸዋ የመጡ ባለ እጆችና ልጆቻቸው ከብዙ ዘመን ጀምሮ፤ ወንዶቹ በሽመናና በብረት ሥራ፤ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን አድርቃ ትወቅጣለች፤ ነፍታም ውኃ ታጠጣዋለች፤ አቡክታ ያለ መንኰራኵር በእጇ ብቻ ጀበናውን፤ ድስቱን፤ ምጣዱን ታበጃለች፤ በጥላ አድርቃም በሜዳ እሳት ትተኵሰዋለች። ልጇ በመጀመሪያ ውኃ ታቀብላለች፤ ቀጥሎ ጭቃ ታቦካለች፤ የጀበናውን አንገት ለመቀጠል የሚፈቀድላት ግን እጇ ከለመደ በኋላ ነው። አፈሩ ምን ያህል ውኃ እንደሚበቃው፤ እሳቱም መቼ እንደ በዛ የሚናገር መጽሐፍ በቤቱ የለም፤ መምህሯም መጽሐፏም እናቲቱ ናት።

ዳሩ ግን ሌላውም ቤት ያስተምራል። በዚሁ ጀበና የተፈላውን ቡና እየጠጡ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለው የሚያሟት ሰዎች ይህን ስም ከአስተማሪ አልተማሩትም፤ ከምድጃ ዳር ሰሙት እንጂ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፤ ሸማኔውን፤ ቆዳ የሚያለፋውን የሚሰድበውን ሰው ገሥጸዋል። ጸሐፊው እንኳ ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበርና ከነዚያው ጋራ ተቈጥሯል፤ የዛሬ ባለ ብዕር ይህን ባይረሳ መልካም ነው። አዋጁ በአደባባይ ተነገረ፤ ስድቡ ግን በጓዳ ቀረ። የእናቱን ሥራ ከባልንጀሮቹ ለመሸሸግ የሚገደድ ልጅም ጥበቧን አይወርስም፤ እርሷ ስታልፍ ከእርሷ ጋራ ያልፋል።

ነገሩ የሚብሰው በጋብቻ ጊዜ ነው። እስከ ሰባት ቤት መቍጠር የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ የተደረገ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፤ የልጅቱ አያት ሸክላ ትሠራ እንደ ነበር ለመመርመር የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ ሲያነቡ የኖሩ ካህናት የንስሐ ልጆቻቸውን በዚህ ነገር ሳይገሥጹ ቢቀሩ የሚያስደንቅ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ብዙ መንገድ ሄዷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው። ሸክላ ሸጣ ቤቷን ለምትደጕም ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ34ኛው አንቀጽ ቤተ ሰብ የኅብረተ ሰብ የተፈጥሮ መሠረት መሆኑን ገልጦ፤ ወንድና ሴት በዘርም ሆነ በሃይማኖት ሳይለዩ እንዲጋቡ ፈቅዷል። የሰውም ልብ ከቀድሞው ይልቅ እየቀና መምጣቱ አይካድም። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ተልኮበት በሩን ዘግቶ ስለ ሙሽራይቱ ዘር የሚማከር ቤት ገና አልጠፋም፤ ልጆቹም በዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ።